ሪኮንሳይል ከማን ጋር?

እንግሊዝን በገዛ ቋንቋው ያረምኩ ሰው ነኝ። ደባርቅ ላይ ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እናንተም ሳቁ፣ ግድ የለኝም። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከበቅሎዬ ኋላ እየሄድኩ፣ የፈረንጅ ሻንጣ ጭኜ ተራራ ስወጣ ስወርድ ራሴ ለቀምኩት። እንዲያም ሆኖ አገሩ ላይ እንደኔ የሚያንበለብለው የለም።

የሆነው ቡይት ራስ አጠገብ ነው። አንድ ሸምገል ያለ እንግሊዝ ብቻውን መጣ። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲነጩ እያየን፣ "ሚስትህስ?" አልኩት። አብረው ሊመጡ ሲያስቡ እንደሞተችበት ነገረኝ። "እግዚአብሔር ያጥናህ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ስፈልግ ቀደመኝና፣ "ግድ የለም፣ ሪኮንሳይል አድርጌዋለሁ" አለኝ።

ይቺን ቃል አውቃታለሁ። መታረቅ ማለት ናት።

"ከማን ጋር ታረቅህ?"

"ከሆነው ነገር ጋር።"

"ሽማግሌህ ማን ነበር?"

"ሽማግሌ የለም። ብቻዬን።"

"ታዲያ የሆነው ነገር መጥቶ ይቅርታ ጠየቀህ?"

ሰውዬው ሳቀ ሳቀና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። "አይ፣ አልጠየቀኝም።"

"እንግዲያው አልታረቅህም፤ ለምደኸው ነው" አልኩት።

መነጽሩን መልሶ እያጠለቀ፣ "ልክ ነህ" አለኝ። እንግሊዝ! በአፉ!

ከዚያ ወዲህ አገሩ ሰላም አጣ፣ እንግዳ ቀረ። ባለቤቴም እናቷ ታመው ልታስታምም ዳባት ሄደች። "አንተም ና" ብላኝ ነበር። "እንግዳ ቢመጣስ ማን ይመራዋል?" ብዬ ቀረሁ። እንግዳውም አልመጣ፣ እሷም አልተመለሰች። የስልኩም ወሬ እያደር አጠረ። "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ።" "በል እሺ።" በቃ።

እኔ ደግሞ ካላወራሁ የሚያመኝ ሰው ነኝ። ሰው ሳጣ ለበቅሎዬ አወራ ጀመር። በደንብ ታዳምጣለች፤ ቀልድ ግን አይገባትም።

ቤቴ ስገባ ሁልጊዜ በር ላይ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ባለቤቴ መምጣቴን እንድታውቅ። ከሄደችም በኋላ ይህን አልተውኩም ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን ሳልጠርግ ገባሁ። የታወቀኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ለካ እኔም ሪኮንሳይል እያደረግሁት ኖሯል!

በማግስቱ የንስሐ አባቴን ቄሱንና ጨርቅ ነጋዴውን ሙስሊም ጎረቤቴን ይዤ የዳባት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

"ተጣልታችኋል እንዴ?" አሉ ቄሱ።

"ኧረ አልተጣላንም፣ አባ።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምናስታርቀው?"

"ከባዶ ቤት ጋር ልታረቅ ነው፤ እሱን አስቀሩልኝ።"

ጎረቤቴ፣ "ወላሂ፣ ዕርቅ ለማፍረስ ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ ገና አየሁ!" አለ።

ዳባት ስንደርስ ሁለቱ እንደ ደንቡ ግቢው መሐል ቆሙ፤ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። እኔም ሽማግሌ ልኬ መናገር ስለማይገባኝ ከኋላቸው ዝም አልኩ። ባለቤቴ የእናቷን መድኃኒት በእጇ እንደያዘች ወጣች።

"አባ፣ ይሄ ሰውዬ አፉን ምን ነካው?"

"ዛሬ አፉ እኛ ነን" አሉ ቄሱ። "ብቻዬን መሆኑን እየለመድኩት ነው፣ ፈራሁ፣ ይላል።"

ቆማ አየችኝ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። "እኔም እየለመድኩት ነበር" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሁለት በርጩማ አወጣችላቸው።

"እናቴን ጥዬ አልሄድም። እሱ ግን በየቅዳሜው ይምጣ። እንግዳ ኖረም አልኖረም ይምጣ። ሁለተኛ ደግሞ ሽማግሌ እንዳይልክብኝ፤ ራሱ ያውራኝ።"

ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ሽማግሌዎቼ ፊት፣ እኔ ኋላ ተቀመጥን። ቤቴ ያው ባዶ ነው፤ ይህን የማወራችሁም እዚያው ብቻዬን ሆኜ ነው። ቅዳሜ ግን ዳባት ነኝ።

ያን ቀን እዚያ ግቢ ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እኔ! ደባርቅ ይህንን ጭራሽ አላመነኝም። ያላመነ ዳባት ወርዶ ባለቤቴን ይጠይቅ። ቄሱ አይዋሹም፤ የጎረቤቴም ሱቅ ክፍት ነው። ሂዱና ጠይቁ!