ከመድረኩ አንወርድም

በዚያን ጊዜ እስራኤል አገር፣ ነታኒያ ከተማ፣ ፖሌግ በሚባል ሰፈር ባለ ፋብሪካ ዕቃ አሽግ ነበር። ከሥራ መልስ ሺኩን ቫቲኪም በሚባለው ሰፈራችን ባለው የነዋሪዎች ማዕከል፣ መትናስ በምንለው፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እዘፍን ነበር። ስምንት ነበርን። መሪያችን አማቴ ናቸው። በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ ዕብራይስጥ እምብዛም የማይሰሙ ሴት ናቸው። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርሁ፤ ከባድ ቃላቸውን ሁልጊዜ አለዝቤ ነበር የማቀብለው።

አንድ ቀን ያፎ ወደብ አጠገብ በተሠራ አዲስ አዳራሽ እንድንዘፍን ተጠራን። ሁለት ወር ሙሉ ተለማመድን። ከአውቶቡስ ስንወርድ አማቴ የጥንቱን የወደብ ግንብ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ "ይህስ ዕድሜ ጠገብ ነው" አሉ። መስታወት የለበሰውን አዳራሽ ግን ዞር ብለውም አላዩት።

ገብተን መድረኩ ላይ ድምፃችንን ስንሞክር አዘጋጁ መጣ። ፈገግታ የማይለየው ወጣት ነው።

"ቦታችሁ እዚህ አይደለም" አለ። "እንግዶቹ መግቢያው ላይ ወይን ሲጠጡ ነው የምትዘፍኑላቸው። ቀሚሳችሁ ያምራል፤ አብረዋችሁ ፎቶ ይነሳሉ።"

ለአማቴ ነገርኋቸው። መድረኩ መሀል ቁጭ አሉ።

"ንገሪው። የተጠራነው ለመድረክ ነው። ለጠጪ ማድመቂያ አይደለንም። ካልፈለገን ተሸክሞ ያውርደን።"

እንደ ልማዴ "ደክሟቸው ነው" ልለው አፌን ከፈትሁ። አልወጣልኝም። ያሉትን ቃል በቃል ነገርሁት፤ ተሸክሞ ያውርደን ያሉትንም ሳላስቀር። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የቀሩት ስድስቱም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ፈገግታው ጠፋ። ስልክ ደወለ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። እኛ ንቅንቅ አላልንም።

"ዐሥር ደቂቃ፣ ከዕረፍቱ በኋላ" አለ በመጨረሻ።

ስንጀምር ወንበሩ ገና በግማሽ ባዶ ነበር። የአማቴ ድምፅ ግን ያለ ድምፅ ማጉያ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። በሩ ላይ የነበሩት መቀመጡን ትተው ቆመው አደመጡ። ዐሥር ደቂቃው ሲያልቅ አዘጋጁ ከመጋረጃው ጥግ ውረዱ ለማለት እጁን አወዛወዘ። አማቴ አይተውታል። ሌላ ዘፈን አነሱ፤ እኛም ተቀበልን።

ዳግመኛ አልጠሩንም። ከመካከላችን አንዷ፣ "ሄደን ብንለምናቸውስ?" ስትል አማቴ ቀና ብለው አዩዋት።

"ምን በወጣን" አሏት።