የምትናከሰው ወፍጮ

የተቃጠለ ግራሶ ሽታው አይረሳም። ላስቲክ ይመስላል፣ ከስሩ ግን ብረት ብረት ይላል። ትናንት እዚሁ ነቀምቴ በአንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ሸተተኝና እግሬ ቆመ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ያው ድምፅ ነው።

ጎረምሳ ሳለሁ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ወፍጮ ቤት እሰራ ነበር። ሰዉ አዴ ይላቸዋል፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ እኔም አዴ እላቸው ነበር። ሴት ልጃቸው እህል እየተቀበለች ትሰፍራለች። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ቅንድቧ ላይ ያረፈውን ዱቄት ሲያበራው፣ እሷን እያየሁ ስንቱን በቆሎ ደፋሁት።

በጋ ሲገባ ወፍጮዋ ትናከሳለች። ብረቷን የነካ ሰው እጁን ይነዝረዋል። የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔት ደግሞ ጢቅ ጢቅ ይልና ሳይቆይ ይበላል። ስናወጣው ግራሶው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሰይጣን ገብቶባታል ተባለ። ጴንጤዎቹ ደንበኞች እንጸልይላት ሲሉ፣ እኛ ኦርቶዶክሶቹ ጠበል ይረጭባት አልን። ማን ያስወጣው በሚል ሲጨቃጨቁ ሰነበቱና ሁሉም እህሉን ተሸክሞ ሌላ ወፍጮ ሄደ።

አዴ መረራቸው። ወፍጮዋ ሌላ አንድ ኩሽኔት ከበላች ዘግቼ ቢላ ከተማ ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ አሉ። ልጅቷም አብራ ልትሄድ ነው። ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣሁ። ብረትን ከብረት የሚለየው ግራሶ ነው፣ ሌላ አላውቅም፤ ስለዚህ ጠቀጠቅኩበት። ጢቅታው ይባስ ጮኸ።

አንድ ቀን ወፍጮዋ እየፈጨች ሳለ ልጅቷ "ዝም አለች እኮ" አለችኝ፤ ጢቅታውን ማለቷ ነው። ወፍጮዋን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ የቺንጋውን መከለያ ያሰርንበት ሽቦ ላልቶ፣ ጫፉ የሚዞረውን ዘንግ ይልሳል። በእንጨት ገፋ ሳደርገው ጢቅ ጢቅ፣ ስመልሰው ዝም። ለካ ቺንጋው በደረቅ አየር ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይሰራል። ዘንጉ ላይ ይጠራቀማል፣ ግራሶው አላሳልፍም ይለዋል፣ ሲበዛበት በግራሶው መሀል ዘሎ ያቃጥለዋል።

"መውጫ ነው የፈለገው፤ አንተ ደረቅ በግራሶ ትደፍንበታለህ" ብላ ሳቀችብኝ።

የመዳብ ሽቦ ጎንጉነን ዘንጉን እንዲነካ አደረግንና ሌላውን ጫፍ መሬት ቀበርነው። አፈሩ ከደረቀ አይሰራም። ጠዋት ጠዋት እሷ ውሃ ታፈስበታለች፣ እኔ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አስጠጋለሁ።

"ምን ትላለች?"

"ዝም ብላለች።"

የምላት ሌላ ነገር ነበረኝ። አልወጣ አለኝ።

ደንበኛው ተመለሰ። ጴንጤዎቹ ቤታችን ሆነን ጸልየንላት ነው አሉ፣ የእኛዎቹ ተስለንላት ነው አሉ። ወዲያው ከአኖ ከተማ አንድ ነጋዴ መጣ። ቀደም ሲል ሰይጣን ያለባትን አልገዛም ብሎ የሄደ ሰው ነው። ቆሞ አዳመጣት፣ ብረቷን በመዳፉ ዳበሰ፣ ወደዳት። አዴ ጠሩኝና "ደህና ስም እያላት ልሽጣት። ደክሞኛል፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እንዳይሄዱ ብዬ ያዳንኳት ወፍጮ፣ ስለዳነች ተሸጠች።

ልጅቷ የቢላ መኪና ላይ ወጥታ በመስኮት "ውሃውን እንዳትረሳ" አለችኝ። አልረሳሁም። እዚያው ለነጋዴው እስካረጅ ስሰራ አፈሰስኩ።

ትናንት ታዲያ ጢቅታውን ሰምቼ ወፍጮ ቤቱ ዘው ብዬ ገባሁ። ወጣቱ ኦፕሬተር አባባ ይቀመጡ አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ፈልጌ አገኘሁት፤ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጆግ አንስቼ ውሃ አፈሰስኩበት። ይርዳው አይርዳው እንጃ። ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ሳስጠጋ ልጁ ሳቀና፣

"አባባ፣ ምን ትላለች?" አለኝ።

ጆጉን አስያዝኩትና "ውሃውን እንዳትረሳ" አልኩት።