በር ስር ያለችው አልጋ

እስቲ አንዴ ጆሯችሁን አውሱኝማ! ይቺን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ምላሴን ስትበላኝ ነው የከረመችው፤ ለሰው ሳልነግር ከቀረሁ የምታንቀኝ ነው የሚመስለኝ። ደስ የምትል እንዳትመስላችሁ ግን፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። የአንዲት ተራ ሴትዮ ታሪክ ናት። እኛ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። «ስንት ኮፒ?» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። እኔ የምነግራችሁ ግን ተማሪ እያለች የሆነውን ነው።

ያኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች። ትንሽዬ ናት ትምህርት ቤቷ፤ ትንሽ ስላችሁ በጣም ትንሽ! አንድ የሴቶች ዶርም፣ አንድ የወንዶች ዶርም፣ ጥቂት ክፍሎችና ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የሚደረደርበት አንድ አዳራሽ፣ በቃ። ቧንቧው እንደ ባለሥልጣን ነው፣ ደስ ሲለው ብቻ ይመጣል።

የሴቶቹ ዶርም ደንብ ግን ጉድ ነው። አልጋ የሚያዘው በደረጃ ነው! ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ዳይሬክተሩ አዳራሽ ውስጥ ደረጃ ያነባል፣ ከዚያ እያንዳንዷ ፍራሿን ተሸክማ ትዛወራለች። አንደኛ የወጣችው መስኮት ስር፣ ፀሐይ የሚገባበት ደረቁ ጥግ ትተኛለች። ሁለተኛዋ ከሷ ቀጥሎ፣ ሦስተኛዋ ከዚያ ቀጥሎ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻዋ በር ስር ትደርሳለች። በር ስር ማለት ደግሞ ንፋስ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሽንት ቤት የምትሄድ ሁሉ ረግጣው የምታልፈው ፍራሽ ነው። ይሄ አንሶ፣ ሁለት ሴሚስተር ተከታትላ በር ስር የተመደበች ልጅ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ፈተና የቀረ ደግሞ ታመመ አልታመመ ዜሮ ነው። «በሽታ እያለ ስንቱ ሸወደን!» ይል ነበር ዳይሬክተሩ።

የኛዋ ልጅ እንግዲህ በር ስር ነበረች። ስሟን የሚጠራው የለም፤ በረኛ ነው የሚሏት።

«በረኛ! ዛሬ ስንት ገባብሽ?» ትላታለች ምላጭ። ምላጭ መሃል አካባቢ የምትተኛ ልጅ ናት፤ ምላሷ ይቆርጣል፣ ስሙን ያገኘችው በላቧ ነው።

«ስድስት ገባብኝ። አንዱን በጭቃ ጫማሽ ያገባሽው አንቺ ነሽ፣ ዳኛ ቢኖር ቀይ ነበር!» ትላለች በረኛ፣ ዶርሙ በሳቅ ይናወጣል።

ትስቃለች እንጂ ሆዷ ሌላ ነው። አባቷ ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ነው የሚውለው፣ የእጁ ጥቁረት በምንም ሳሙና አይለቅም። ትምህርት ቤት ያስገባት ዕለት ሻንጣዋን መሬት አስቀምጦ፣ «ልጄ፣ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ አረጀሁ። አንቺ ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ» ነው ያላት። ሌላ ምክር የለም። ባለፈው ሴሚስተር የመጨረሻ ወጥታለች። አሁንም ከደገመች አለቀላት፣ ወደ ጎማው ነው።

መስኮት ስር የምትተኛዋ ደግሞ ፕሮፍ ትባላለች። ለምን ፕሮፌሰር እንዳሏት ይገባችኋል፤ ልጅቷ መጽሐፍ አታነብም፣ ትጠጣለች! እናትና አባት የላትም፣ ጭነት አውራጅ የሆነ ታላቅ ወንድሟ ነው ያሳደጋት። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ የምትወጣዋን አንዲት ልጅ ትምህርት ቤቱ ከተማ ወዳለ ትልቅ ትምህርት ቤት ይልካታል። አንዲት ብቻ! የፕሮፍ ዓይንም ልብም እዚያ ነበር።

ታዲያ አንደኛዋና የመጨረሻዋ እንዴት ተገጣጠሙ? ልብስ ማጠቢያ ገንዳው ጋ ነዋ! ሁለቱም ግፊያ አይወዱም፣ ሌላው አጥቦ ሲጨርስ ነው የሚሄዱት። እዚያ ፕሮፍ ሒሳብ ታስተምራታለች።

«ይሄ ካልሲ ኤክስ ነው። ጥንዱ ጠፍቷል። ጥንዱን ፈልጊ ነው ጥያቄው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

«የኔ ኤክስ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል እኮ።»

«የተቀደደም ኤክስ፣ ኤክስ ነው፣ አታድርቂኝ!»

እየተሳሳቁ፣ ቀለም አልገባ ያላት ልጅ ቀስ በቀስ ይገባት ጀመር።

ፈተናው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው። ጠዋት ቁርስ ላይ ምላጭ ዳቦዋን እያኘከች፣ «በረኛ፣ እኛ ከላይ ያለነው አንዳችን ካልታመምንልሽ በቀር ከዚያ በር አትላቀቂም!» አለቻት። ተሳቀ። በረኛም ሳቀች።

ያን ዕለት ከሰዓት ገንዳው ጋ አንሶላ እየጨመቁ ሳለ፣ ፕሮፍ ድንገት እጥፍ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሆዴን። ጠዋት እምብርቴ ዙሪያ ነበር፣ አሁን ወደ ቀኝ ወርዷል። ቀና ማለት አልቻልኩም።»

«ቆይ እትዬን ልጥራት።» እትዬ የዶርሙ ኃላፊ ናት፤ ጩኸቷ ግቢውን ያናውጣል እንጂ ክፉ አይደለችም።

«እንዳታደርጊው! እትዬ ከሰማች ሐኪም ቤት ነው። ሐኪም ቤት ማለት ፈተናው ቀረ ማለት ነው። ዜሮ! ወንድሜን ምን ልለው ነው?»

«ብትሞችስ?»

«በሆድ ቁርጠት ማን ሞቶ ያውቃል? ይልቅ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ማይልኝ።»

ማለች።

በማግስቱ ባሰባት። ምግብ አስጠላት፣ አስመለሳት፣ «ፈተና ፈርቼ ነው» እያለች ሁሉንም አሳመነች። በረኛ ግን ታውቃለች። መሐላውን ለመብላት ቆረጠችና ወደ እትዬ ክፍል ሄደች። እትዬ ብርድ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«እህ፣ ምን ፈለግሽ?»

አፏን ከፈተች። የዚያኔ የምላጭ የቁርስ ሰዓት ቀልድ ጭንቅላቷ ውስጥ መጣ። ከተናገርኩ ፕሮፍ ዜሮ ታገኛለች፣ የመጨረሻ ትወጣለች። እኔ እተርፋለሁ። ዶርሙ ምን ይላል? «ጓደኛዋን ሸጣ ከበር ወጣች» ነዋ! ፕሮፍ ራሷስ ምን ትላለች? ካልሲ ይዛ ያስተማረችኝ ልጅ?

«ሳሙና... ሳሙና አልቆብኝ ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ግማሽ ሳሙና ቆርሳ ሰጠቻት። ያንን ሳሙና ይዛ ተመለሰች። አያችሁ፣ ተንኮል ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ልጅቷ እኮ እንዲህ አይነት ሰው እንዳትባል ብላ ነው!

የፈተናው ዕለት ጠዋት ፕሮፍ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። «ተወኝ! ጠፋ በቃ! አላልኩሽም?» በረኛ ደስታዋን አልቻለችውም፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። የፕሮፍ ገላ ይፋጅ ነበር፣ እሷ ግን ብርድ ልብሱ ነው ብላ አለፈችው።

ጠዋት ሒሳብ ተፈተኑ። በረኛ የጠፋውን ካልሲ እየፈለገች ከምንጊዜውም በላይ ሠራች። ከሰዓት ኬሚስትሪ ነበር። ፕሮፍ ፊት ለፊቷ ነው የተቀመጠችው። ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ በላብ ተጣብቋል፣ ግን ትንቀጠቀጣለች፣ እስክሪብቶው ወንበሩን ሲመታው ይሰማል። በረኛ ፈታኙን አየችው። እጇን ግማሽ ድረስ አነሳች። «ወረቀት ጨርሰሽ ነው?» አላት ፈታኙ። «አይ» ብላ አወረደችው። ትንሽ ነው የቀረው፣ ታስረክብና እነግራቸዋለሁ ብላ።

ፕሮፍ አስረከበች። ተመልሳ ወንበሯ ጋ ሳትደርስ ወደቀች።

ድንችና ሽንኩርት በሚያመጣው ፒካፕ ነው ሐኪም ቤት የወሰዷት። በማግስቱ ከሰዓት እትዬ ብቻዋን ተመለሰች፣ የዶርሙ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ልጆቹ ከበቧት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ ነው ያወራችው።

«ትርፍ አንጀት ነው አሉ። ፈንድቷል። አልተረፈችም። ሕመሙ ድንገት የሚተወው ሲፈነዳ ነው አሉኝ። ሐኪሙ ጮኸብኝ፣ ከትናንት ወዲያ የት ነበራችሁ አለኝ። የት ነበርን? እዚሁ! እዚሁ ነበርን እኮ!»

ደረጃው እንደ ወትሮው ተነበበ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የፕሮፍን ስም ጠራ፣ ቀጠለ። ሊስቱ እየወረደ፣ እየወረደ፣ መጨረሻ ላይ ማን ቀረች? በረኛ። ነጥቧ ከፍ ብሏል፣ ግን የሌላውም ከፍ ብሎ ነበር።

«ዘንድሮ የሚሸኝ የለም» አለ ዳይሬክተሩ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «አንድ አልጋ ተርፏል። ሁላችሁም አንድ አንድ ወደፊት ትጠጋላችሁ።»

ፍራሽ ተጎተተ። በረኛም የሷን ፍራሽ አንስታ አንድ አልጋ ወደፊት ተጠጋች። በር ስር ያለችው አልጋ ባዶዋን ቀረች።

በሳምንቱ የፕሮፍ ወንድም ዕቃዋን ሊወስድ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን ነው። በረኛ የፕሮፍን ልብሶች አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት።

«ጓደኛዋ አንቺ ነሽ አሉኝ። ስላንቺ ታወራኝ ነበር። እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ።»

ያኔ አልቻለችም። «አውቅ ነበር» አለችው።

«ምኑን?»

«እንዳመማት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ሰውዬው ሻንጣውን ለቀቀው። «ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር እሷ ዜሮ ታገኛለች፣ እኔ እተርፋለሁ። ለራሷ ብላ ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

አልጮኸባትም፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ምላጭ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማለች፣ አንገቷን ደፍታለች።

«እና አሁን ምን አሉሽ?» አላት ሰውዬው።

«ምንም።»

ሻንጣውን ትከሻው ላይ አወጣና ሄደ።

አባቷ «ሳትሸኝ ቀረች» የሚለውን ወሬ ሰምቶ፣ ሥራ ልብሱን ሳይቀይር ግቢው በር ድረስ እየሳቀ መጣ። እጁ እንዳያቆሽሻት በክንዱ ብቻ አቀፋት። «አላልኩሽም ልጄ! አላልኩሽም!» ይላል። ምን እንደምትለው ጠፍቷት «አዎ አባዬ» አለችው። እስካሁን የሚያውቀው ይሄንኑ ነው። ትምህርቱን እንደምንም ጨረሰች፣ ከዚያ ወዲያ አልገፋችበትም። ይኸው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ እንዳላት አባቷ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

እኔ ከሰማሁ ጀምሮ ውስጤ አልረጋም። እናንተስ? ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ የዋጣችሁት፣ ውጣችሁትም ያልወረደላችሁ ቃል አለ?