የአዮ ክፍል ቀለም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ይህን ለማንም ስላልተናገርኩ ይሆናል የምጽፈው።

እናታችን ከሞተች አምስት ወር ሆኗት ነበር። አዮ ነበር የምንላት። ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ስለሆነ የእሷ ክፍል የሙሽሮቹ እንዲሆን ተወሰነ። ተወሰነ ስል እሱ ወሰነ፣ እኔ እሺ አልኩ። ቀለሙን ግን «አንቺ ምረጪ» አለኝና ጨለለቂ ሰፈር ካለ ሱቅ ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ አንዱ ክሬም፣ አንዱ ቤዥ።

ቀለም ቀቢው ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱን በመስኮቱ በኩል ጎን ለጎን ቀብተው እስኪደርቅ ቆምን። ደርቆም ልዩነታቸው አልታየኝም።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ወተት ነው፤ ይሄ ደግሞ ሻይ ጠብ ያለበት ወተት» አሉኝ። «ባል የምትመርጪ አስመሰልሽው እኮ!»

ወንድሜ ሳቀ። እኔ የማየው ሌላውን ግድግዳ ነበር። አዮ ታማ በተኛችበት ዓመት ቁጭ ስትል ጭንቅላቷን የምታስደግፈው እዚያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን ቅቤ እቀባት ነበር። ግድግዳው ቅቤውን ጠጥቶ የሰሃን ያህል ቦታ ወይቧል። ልብሷን አኖ ከተማ ያሉት አክስቶቼ ተካፍለው ወስደዋል። ከእሷ በክፍሉ የቀረው ያ የወየበ ቦታ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ወደ ሥራው ሲሄድ ሽማግሌው ቦታውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ቅቤ ነው? ካልተፋቀ በቀለሙ ላይ ይወጣል። ልፋቀው። አለዚያ ቤዡን ምረጪ፤ እሱ ይደብቀዋል።»

«አይፋቁት» አልኩ። «ክሬሙ ይሁን።»

ድምፄ ስለማይሰማ ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። አየት አደረጉኝና ሥራቸውን ጀመሩ።

ሁለት እጅ ቀቡት። ግድግዳው ሁሉ አንድ ሆነ፤ ቦታው ጠፋ። ቆሜ አየሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። ወጥቼ ልብስ አጠብኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ተመልሶ ወጥቷል፤ ፈዘዝ ብሎ፣ ግን ያንኑ ያህል። ደስ አለኝ ማለት አልችልም። መውጣቱን አየሁ፣ በቃ።

ወንድሜ ለምሳ ሲመጣ አየው።

«ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራው!» ብሎ ሊደውል ስልኩን አወጣ።

«እንዳይፍቁት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ስልኩን እንደያዘ ግድግዳውን ብዙ አየ። ከዚያ ኪሱ ከተተው።

«አልጋውን ወደዚህ እናስጠጋው» አለኝ፤ «ለሌላ ሰው አይታይም።»