ይጠብቁኝ ያልኳቸው ዘፋኝ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ስለ ስካሬ፣ ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ሻርኩት ጾም ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ «ሌላስ የቀረ አለ?» ሲሉኝ ግን «የለም አባ» ነው ያልኩት። ነበረ። ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ይህም ፍርሃት ነው፤ አውቀዋለሁ።

መርሳ ውስጥ ሙዚቃ ቤት አለኝ። ለሠርግ ሞንታርቦ አከራያለሁ፣ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ዘፈን ለሚፈልግ ሰው በስልኩም በፍላሹም እጭናለሁ። አባቴ ሲሞት ጥሎልኝ የሄደው አንድ ሣጥን ሙሉ ካሴት ነበር። እሱን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ፣ በሕይወት የሌሉትን ዘፋኞች ለብቻ ለየኋቸውና ፎልደሩን «ነፍስ ይማር» አልኩት። ገበያተኛው የሚወደው ይህንኑ ነበር። ከሲሪንቃም ከውርጌሳም የሚመጣው ሰው ስልኩን ዘርግቶ «እስቲ ከሞቱት ጫንልኝ» ይለኝ ነበር።

እኔም እወዳቸው ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ እነሱን እየሰማሁ አለቅሳለሁ። ደስ የሚል ለቅሶ ነበር። አፈር የበላው ሰው እንደገና ትንፋሹን ስቦ፣ ድምፁን ጠርጎ ሲዘፍንልኝ ሞት የተሸነፈ ይመስለኛል። ልቤ ይለሰልሳል፤ ራሴን ደግ ሰው አድርጌ አስባለሁ። ታዲያ ከእነዚያ ሙታን አንዱንም በአካል አላውቀውም ነበር። አንዳቸውንም አልበደልኩም። እንባው የጣፈጠኝ ለዚህ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በአካል የማውቃቸው ዘፋኝ እትዬ ደብሬ ነበሩ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። አምባሰል ሲያወጡ የወረዳችን የሐብሩ ሠርገኛ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ ነው የሚያዳምጣቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ከገበያው ጀርባ በአንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሠርግ ቤት ስንደርስ ክንዴን አስይዤ ከመኪና የማወርዳቸው እኔ ነኝ። ሥራ ስጀምር የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። «እኔን የፈለገ እሱንም ይጥራ» እያሉ በየሠርጉ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። «ልጄ» ይሉኛል። እንጀራዬን ያገኘሁት በእሳቸው ነው። ይህን የምጽፈው ማንን እንደከዳሁ እንድታውቁ ነው።

አንድ ጊዜ የሱቄን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍኜ አንድ የሠርግ ዘፈናቸውን ቀዳሁላቸው። ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጀምር?» አሉኝ። «ይጀምሩ» አልኳቸው። ጨርሰው ሲቀመጡ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው እያመለከቱ ሳቁ።

«ከነዚያ ከሙታኑ ጋር ልትደባልቀኝ ነው?»

«ኧረ ገና ነዎት እትዬ» አልኳቸው።

ጦርነቱ ወደኛ የመጣው በክረምት ነው። ከወልድያ በኩል ሰው በእግሩም በባጃጅም በጋሪም ይጎርፍ ጀመር። ስልክ ተቋርጧል። ሚስቴና ልጆቼ ቀደም ብለው ደሴ እህቷ ዘንድ ሄደዋል፤ እኔ ዕቃዬን ልጠብቅ ብዬ ቀርቻለሁ። ወልድያ ተያዘች የተባለ ጊዜ የሚስቴ ወንድም ከደሴ በአይሱዙ መኪናው መጣልኝ። እሱ ጎማ ሲያስነፋ እኔ ወደ እትዬ ደብሬ ቤት ሮጥኩ።

ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። የመንደሩ ሰው ዕቃውን እየተሸከመ በፊታቸው ያልፋል።

«መኪና አግኝቻለሁ እትዬ፤ ልብስዎን ይያዙ» አልኳቸው።

«ቦታ ይኖራችኋል? ይኸ ጉልበቴ እስከ አስፋልቱም አያደርሰኝ።»

«እዚሁ ድረስ ይዤ እመጣለሁ። የትም እንዳይሄዱ፤ ይጠብቁኝ።»

«እሺ ልጄ። እጠብቅሃለሁ።»

ይህን ስላቸው የምሬን ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አዎ፣ የምሬን ነበር። ግን ይህ ምን ያቀልልኛል? የምር የተናገርኩትን ነው ያፈረስኩት።

ሱቅ ተመልሼ ዕቃ መጫን ጀመርን። ሞንታርቦዎቹንና የሚስቴ ወንድም እኛ ዘንድ አስቀምጦት የነበረውን ጤፍ ከኋላ ጭነን ሸራ አለበስናቸው። ዝናቡ ወረደ። ሸራው ያፈስሳል። ኪቦርዱን ከላይ ልጭን አንስቼ፣ ውኃው ጤፉ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁና ቆምኩ። ከዚያ ወደ ፊት ወሰድኩት። በሾፌሩና በእኔ መካከል ባለው ወንበር ላይ ኮምፒውተሩን አስቀመጥኩ፤ ሚክሰሩን ደረብኩበት፤ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስደገፍኩት። ወንበሩ ሞላ።

የሚስቴ ወንድም ገብቶ መሪውን ሲይዝ ወንበሩን አየና ጠየቀኝ። «ሌላ የምንይዘው ሰው አለ እንዴ?»

«ሰው የለም» አልኩት።

ይኸው ነው። ያደረግሁት ይኸው ነው። ሰው የለም አልኩ።

ተኩስ ይሰማ ነበር? ይሰማ ነበር፤ ግን ከሩቅ ነው። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር? ተጨናንቆ ነበር፤ ግን ወደ ገበያው ጀርባ የሚታጠፈው መንገድ ባዶ ነበር። ብናገር የሚስቴ ወንድም እምቢ ይለኝ ነበር? አይለኝም። እናቱን የሚያህሉ ሴት ጥሎ የሚሄድ ሰው አይደለም። እኔ ነኝ። ኪቦርዱ ዝናብ ቢመታው እንደሚበላሽ አሰብኩ። ያለ እሱ ደሴ ላይ ምን ሠርቼ እበላለሁ ብዬ አሰብኩ። ጎረቤት አይጥላቸውም ብዬም አሰብኩ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ። ማንም አላስገደደኝም። ራሴ አዞርኩት።

ደሴ ስደርስ ሚስቴ የጠየቀችኝ ስለ እሳቸው ነው። «ከጎረቤት ጋር ወጥተዋል» አልኳት። ደጋግሜ ስናገረው እኔም አመንኩት። ደሴም አልሆነ፤ ከነዕቃችን ደብረ ብርሃን ድረስ ተሰደድን። እዚያ አንድ ቀን ሚስቴ የድሮ ዘፈን ክፈትልን ብላኝ ከፈትኩላት። የሞቱትን። እሷ አለቀሰች፤ እኔ አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

ወደ መርሳ የተመለስነው አዝመራው ሲሰበሰብ ነው። የሱቄ በር ተገንጥሏል፤ መደርደሪያው ሳይቀር ተወስዷል። እሱን አይቼ ሳልጨርስ ወደ ገበያው ጀርባ ሄድኩ። የእትዬ ደብሬ በር በቁልፍ ተዘግቷል። ከጎናቸው የሚኖረው ጋሪ ነጂው ሰይድ ፈረሱን ሲፈታ አገኘሁት። ሲያየኝ ልጓሙን እንደያዘ ቆመ።

«አልሰማህም እንዴ?» አለኝ።

የነገረኝን እንዳለ ልጻፈው። እኔ በሄድኩ ቀን ሰይድ ሚስቱንና ልጆቹን ጋሪው ላይ ጭኖ ወደ ገጠር ሊወጣ ሲል እትዬ ደብሬ ጓዛቸውን ታቅፈው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ይውጡ አላቸው፤ ቦታ አለን አላቸው። እሳቸው ግን መኪና ይመጣልኛል አሉ።

«ይተዉ እትዬ፣ የቀረ መኪና የለም፤ ሁሉም ወጥቷል ብላቸው፣ ‹ቃል ገብቶልኛል፤ መጥቶ ቢያጣኝ ይጨነቃል› አሉኝ። የቤታቸውን ቁልፍ ሰጡኝ። ተሰናብተውኝ ነው የሄድኩት።»

ጀምበር ከማዘቅዘቋ በፊት የከባድ መሣሪያ ጥይት መንደሩ ውስጥ ወደቀ። ያገኟቸው እዚያው ደጃፋቸው ላይ ነው። የቀሩ ሽማግሎች በጥድፊያ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ቀበሯቸው። ሙሾ የሚያወርድ አልነበረም። ለሰው ሁሉ ሠርግ የዘፈኑ ሴት፣ ስማቸውን የሚጠራላቸው ሳይኖር አፈር ገቡ።

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ቅርባቸው ነበርክ። ማን ነበር መኪና የሚያመጣላቸው? ልጄ ነው ያሉኝ። እሳቸው እንደሆኑ ሁሉንም ልጄ ነው የሚሉት።»

«አላውቅም» አልኩት።

እሳቸውን ጥዬ ስሄድ ቢያንስ ፈርቼ ነበር ልበል። ይህን ስናገር ግን ምን ያስፈራኛል? ጦርነቱ አልፏል። ያለነው እኔ፣ ሰይድና ፈረሱ ነን። አላውቅም አልኩ።

«ወላሂ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ ሰይድ። «ጎትቼ ጋሪው ላይ መጫን ነበረብኝ። ትልቅ ሰው፣ ያውም ሴት፣ እንዴት እጄን አሳርፍባቸዋለሁ ብዬ አፈርኩ።»

እኔም ትከሻውን መታ መታ አደረግሁለት። አጽናናሁት። የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ፊቴ ቆሞ፣ አይዞህ አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮዬ ሰው ሲያየው የቀና ነው። የሁሉም ንብረት ተዘርፎ እኔ ዕቃዬን ስላተረፍኩ ሠርግ እንደገና ሲጀመር ሰው የሚጠራው እኔን ሆነ። ሰዎችም የእትዬ ደብሬን ድምፅ ይጠይቁኝ ጀመር። ሌላ ቅጂ የለም፤ ያ ሱቄ ውስጥ የቀዳሁት ብቻ ነው፤ እሱም የተረፈው ያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ለተዝካራቸው ገንዘብ ሲዋጣ የመንደሩ ሽማግሌ ቆመው «እሱ ባይኖር ድምፃቸውም አብሮ ይቀበር ነበር፤ ይባረክ» ብለው መረቁኝ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ዘፈኑን ወደ «ነፍስ ይማር» አዛወርኩት። ለሰው ከመስጠቴ በፊት መነሻውን ቆረጥኩት። እኔ ዘንድ ያለው ግን ሙሉ ነው። አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ስሆን እከፍተዋለሁ። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «ልጀምር?» ይላሉ። «ይጀምሩ» ይላል የእኔ ድምፅ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ድምፅ። ከዚያ በላይ አልሰማም። ሠርግ ላይ ግን እስከ መጨረሻው መስማት ግዴታዬ ነው። ሰው በዘፈናቸው እስክስታ ሲወርድ እኔ ሚክሰሩ ጀርባ ቆሜ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። የሞተ ዘፋኝ መስማት ድሮ ልቤን ያለሰልሰው ነበር ብያችኋለሁ። አሁን የሚሰማኝ ሐዘን እንኳ አይደለም። ለማዘን መብት ያለኝ አይመስለኝም።

እንዲህ እያልኩ ልኖር እችል ነበር። ባለፈው ሳምንት በገበያ ቀን ሰይድ ሱቄ መጣ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረልኝ።

«የእትዬን ዘፈን አጥፋልኝ» አለኝ።

«ምነው? ትወደው አልነበር?»

«ጋሪ እየነዳሁ በራሱ ይመጣብኛል። ሲጀምሩ ይኸ እጄ ይከብደኛል። ልጓሙን መያዝ ያቅተኛል።» ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። «ያን ቀን ብዘረጋው ኖሮ ይኖሩ ነበር እያልኩ ስንት ዓመት? ለሚስቴም አስቸገርኳት። አጥፋልኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩት። መናገር የምችልበት ሰዓት ነበር። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ዘፈኑን ፈልጌ አጠፋሁትና ስልኩን መለስኩለት። አመስግኖኝ ወጣ። አመሰገነኝ።

እሳቸውን አንድ ጊዜ ገደልኩ ብል፣ ሰይድን ግን በየቀኑ ነው የምበድለው። በዝናብ ላሳብብ አልችልም፤ በተኩስ ላሳብብ አልችልም። ኪቦርዱ አሁንም ይሠራል። ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። ይህን ሁሉ አስቤ ምክንያት ስፈልግ አንድም አጣሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም። እሳቸውን መለመን አልችልም። የቀረኝ አንድ ሰው ነው። ዛሬ ገበያ ስለሌለ ሰይድ ቤቱ ነው። ብዕሩን አስቀምጬ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ከሰላምታ በፊት ነው የምናገረው፤ ሰላም ካለኝ አፌ ይያዛልና። ሊመታኝ ይችላል፤ ለመንደሩ ሁሉ ሊናገር ይችላል፤ ዝም ሊለኝም ይችላል። የሚያደርገውን አላውቅም፤ የምለውን ግን አውቃለሁ።

«ሰይድ፣ ያን ቀን ሲጠብቁ የነበረው እኔን ነው።»