ከፎቶው ጀርባ የቀረው ድምፅ

ጋምቤላ ለማስተማር የሄድኩት ክልሉ ክልል ከተባለ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። አንዳንዶቹ ቢሮዎች ገና በኪራይ ቤት ነበሩ፤ መብራት የሚመጣውም ሲመሽ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ብቻ ነበር። ሲዲ ያኔ ወደ ከተማው መግባት ጀምሯል። አቧራው ግን ምሕረት ስለሌለው ሲዲው ብዙ ሳይቆይ ይጫርና መዝለል ይጀምራል። እኔ የተጫረ ሲዲ በጥርስ ሳሙና እያሸሁ ስለማስተካክል ጎረቤት ሁሉ ያመጣልኝ ነበር። ሳላስረዳ ደግሞ አልመልስም። የሚታሸው የሚያብረቀርቀው ፊት ነው፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ ተብሎ እንጂ እየተዞረ አይታሽም፤ ማሽኑ እየዞረ ስለሚያነብ በዙር የተጫረው ይብስበታል። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ስደርስ "ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይወጣል?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ሲዲ በፕላስቲክ ጠቅልለው መጡ። አኙዋ ናቸው፤ ዓሣ ይሸጣሉ፤ አማርኛ የለመዱትም እዚያው ገበያ ላይ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው በወባ ከሞተች ብዙ አልቆየም። ልጅቷ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ አንድ መዝሙር ብቻዋን ትመራ ነበር። ያ መዝሙር ያለው እዚህ ሲዲ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የተቀረጸበት ካሴት ሌላ ተቀድቶበት ጠፍቷል። እሑድ ለመታሰቢያ ጸሎቷ ዘመድ ከፑኝዶ ይመጣል፤ እናትየው የፈለጉት ያን ቀን ድምፅዋን እንዲሰሙ ነው። እሷ ስትጀምር ይዘላል አሉኝ።

ቀላል መሰለኝ። የታችኛው ፊት ጭረት ጥልቅ አልነበረም። አሸሁት፣ አጠብኩት፣ በለስላሳ ጨርቅ አደረቅኩት። እንደ ልማዴ ወደ ፀሐይ ሳዞረው ብርሃኑ ሲዲውን አልፎ ዓይኔን ወጋኝ። በላይኛው ፊት ብር መሳዩ ቀለም ተልጦ ነበር።

ምን እንደነካው ጠየቅኳቸው። ሙዚቃ ቤቱ የሚቀዳቸው ሲዲዎች ምንም ያልተጻፈባቸው ስለነበሩ፣ የመዘምራኑ ቤተሰቦች እንዳይለዋወጥባቸው የልጆቻቸውን ጉርድ ፎቶ ይለጥፉባቸው ነበር። እሳቸውም በማስቲሽ ለጥፈዋል። ለመታሰቢያው ግን ፎቶ ቤቱ አሳድጎ እንዲያወጣላቸው ፎቶዋ ተፈለገ። ሌላ ስለሌላቸው ከሲዲው ላይ ላጡት።

ፎቶውን ከፕላስቲኩ አውጥተው ሰጡኝ። ገለበጥኩት። ጀርባው ያብረቀርቅ ነበር።

ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ድምፁ የሚቀመጠው ከላይ ባለው በዚህ ስስ ቀለም ላይ እንደሆነ፣ እኔ የማሸው ግን የሥሩን ፕላስቲክ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ይሄ የሚያበራው እሷ ናት?" አሉ ወደ ፎቶው ጀርባ እያመለከቱ።

"ድምፅዋ ነበር፣ እናቴ።"

"እንግዲያው መልሰህ ለጥፈው።"

"ቢለጠፍም አይናገርም።"

"አንተ ቲቸር ነህ። ሞክር።"

ማስቲሽ ደግሞ ከነካው ፎቶውም እንደሚበላሽ ነግሬ እምቢ አልኳቸው። መብራት ሲመጣ ሲዲውን በእኔ ማጫወቻ ከፈትነው። የታሸው ሠርቷል፤ ከበሮው ጥርት ብሎ ተሰማ፤ መዘምራኑ ተከተሉት። ልጅቷ የምትገባበት ቦታ ሲደርስ ማሽኑ ጥቂት ተንተባትቦ ዘለለና የመዝሙሩ መጨረሻ ላይ ወደቀ። ደግመን ከፈትነው። ያው ነው።

እሑድ ዕለት ሲዲው አልተከፈተም። ያደገው ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ፣ መዘምራኑ መዝሙሩን ራሳቸው ዘመሩት። የእሷ ቦታ ላይ ሲደርሱ ማንም አልመራም። ከበሮው ብቻ ጥቂት ሄደ፤ ከዚያ ሁሉም ከሚቀጥለው ገቡ።

እናትየው ትንሿን ፎቶ በመዳፋቸው ጨብጠዋት ነበር፤ የልጅቷ ፊት ወደ ውጭ፣ የሚያብረቀርቀው ወደ እጃቸው። በዚያ ሙቀት ላባቸው ቀስ በቀስ እንደሚያጠፋው ገብቶኛል። አላስረዳኋቸውም።