ያለ ባሌ ከወገዳ እስከ ባሕር ዳር

ከወገዳ የወጣሁት ማለዳ፣ በእህል ጫኝ አይሱዙ ጋቢና ነው። ለገበያው ሰው ጨርቅ ላመጣ ነው ብያለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ሦስተኛ ልጄን በኦፕራሲዮን ስወልድ፣ ከልጆቼ አባት ጋር በቃን ብለን ማህፀኔን አስቋጥሬ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ታከለን አገባሁ። ታከለ ልጅ የለውም፤ እኔም ከእሱ አንድ እፈልጋለሁ። እናቱ ግን ሌላ ሴት መፈለግ ጀምረዋል። የምስር ነጋዴ ነኝና የገዢ ዓይን አውቃለሁ፤ የጎረቤት ልጃገረድ ሲያዩ ወገቧን ነው የሚያዩት።

መካነ ኢየሱስ

ምሳ ሽሮ በላሁ፤ ሽሮው ቀጭን፣ ሒሳቡ ወፍራም። በደብረ ታቦሩ አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። መዋሸት ሰለቸኝና ነገርኳቸው። ጠበል ያዝዙልኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"ባለቤትሽስ?" አሉኝ።

"እሱማ በሬዎቹን እየጠበቀ ነው፣ አባ።"

መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ባሕር ዳር

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ያኔ የተቋጠረው የማህፀን ቱቦዬ በኦፕራሲዮን መልሶ ሊቀጠል እንደሚሞከር፣ ካልሆነም የሴቷን እንቁላልና የወንዱን ዘር ከሰውነት ውጭ አዋህደው ማህፀን ውስጥ የሚያስገቡበት ሕክምና አዲስ አበባ እንዳለ፣ አንዱም እርግጠኛ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ቀጥላ ታከለ ከእኔ በፊት አግብቶ እንደሆነ፣ ያቺ ሚስቱም ወልዳ እንደሆነ ጠየቀች። ከእሱ አልወለደችም፤ ፈታችውና ከሌላ ወለደች። ብዕሯን አስቀመጠች።

"እና ለምን ብቻሽን መጣሽ? መጀመሪያ እሱ ይመርመር። ችግሩ ከእሱም ከሆነ ሆድሽን በከንቱ ለምን እንከፍታለን?"

ደሜ ፈላ። በእሷ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት እናቱና ዘመዶቹ የማትወልድ ሴት አስታቀፍነው እያሉ ሲያሙኝ፣ ያቺ የቀድሞ ሚስቱ ልጇን አዝላ በገበያው መሃል ስታልፍ፣ አንድ ሰው እንኳ አፉን አልከፈተም። ጨርቁን በተጠራው ዋጋ፣ ሳልከራከር ገዛሁት። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ወገዳ

አማቴ ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። ሐኪም ቤት መሄዴንና ሐኪሟ ታከለም ይምጣ ማለቷን ነገርኳቸው።

"ልጄ ደግሞ ምን ሆኖ?"

"እማማ፣ ምስር ስገዛ አንዱን ጆንያ ብቻ ፈትቼ አይቼ ሁለቱን አልጭንም።"

ታከለ እዚያ ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። በትንሽ ዕቃ ዘሩን እንደሚሰጥ ነገርኩት።

"በቁሜ ልታዋርጂኝ ነው" ብሎ ተነሣ።

"እኔ ስንት ሐኪም ፊት ልብሴን አውልቄያለሁ። አንተን በር ዘግተው ነው የሚተዉህ።"

ጋቢውን አንሥቶ ወጣ።

በሳምንቱ ማለዳ እንደገና ባሕር ዳር ልሄድ ስወጣ፣ አይሱዙው አጠገብ የበዓል ኮቱን ለብሶ አገኘሁት። ሹፌሩን፣ በሬ ልገዛ ነው የምሄደው ይለዋል። አላረምኩትም። ልጅ ይገኝ አይገኝ አላውቅም፤ ንዴቴም አልወጣልኝም። ከጉዞው የተማርኩት፣ ይህ መንገድ ለብቻ የሚሄዱት አለመሆኑን ነው። ጋቢናው ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ነበር። እኔ ገባሁበት፤ እሱን ከላይ፣ ከጆንያው ጋር አስጫንኩት።